ደንገጎን የፈሩት ሾፌርና የሥነ ልቦና ጎራዎች ጠብ

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ሳቢያን ነው። ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስሆን ከምንወስዳቸው ትምህርቶች አንዱ ጀነራል ሳይኮሎጂ ነው። አባቴ ከድሬዳዋ ሐረር ሚኒባስ ሲያሽከረክር የኖረ ሰው ነው። ባለፈው መጋቢት ከሐረር ሲመለስ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። መኪናዋን ከገደሉ በተቃራኒ በኩል ካለው ተራራ ጋር አላትሞ አቆማት። ሁለት ተሳፋሪዎች ተጎድተው ድነዋል፤ የሞተ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መሪ አልጨበጠም። ሌሊት እየጮኸ ይነቃል፤ የተቃጠለ ፍሬን ሲሸተው ላብ ያጠምቀዋል፤ የጫት በርጫውን ከቀትር እስከ ምሽት ያረዝመዋል። “ሰው ልገድል ነበር” ይላል። ስለ አደጋው ሲያወራ አንዴ ሕፃን ተሳፍሮ ነበር ይላል፣ አንዴ አልነበረም ይላል፤ የሚዋሸን ይመስለኛል። በተማርኩት መሠረት ሪፕረሽን እንዳለበትና በማስሎ የፍላጎቶች ፒራሚድ ሁለተኛው ደረጃ፣ ደኅንነት ላይ እንደቀረ ነገርኩት፤ “አቦ ተይኝ” ብሎ ወጣ። እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባት። ታኅሣሥ 19 በግድም ቢሆን መኪና ውስጥ አስገብተን ደንገጎን ብናሳልፈው ፍርሃቱ ይለቀዋል ብዬ አስባለሁ፤ ቢሄቪየሪዝም ፍርሃት ሲጋፈጡት ይጠፋል ይላልና። አስተማሪያችን ሁሉም የሥነ ልቦና ጎራዎች በየራሳቸው ትክክል ናቸው ብለውናል። ሁሉም ትክክል ከሆኑ ለምን ይጣላሉ? የትኛውንስ ልከተል?
ተማሪዋ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ልጄ፣ ቀኑ እየቀረበ ስለሆነ ከመጨረሻው ልጀምር፦ አባትሽን በግድ መኪና ውስጥ እንዳታስገቢ። እናትሽ ከጎረቤት ጋር ቁልቢ ሄደው ስለታቸውን ያግቡ፤ አባትሽ ቤት ቢቀሩ ገብርኤል አይቀየምም። ይህን የምልሽ የምትጠቅሺው ቢሄቪየሪዝም ራሱ እንዲህ ያለውን ነገር ስለማይደግፍልሽ ነው። ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ።

“ሁሉም በየራሳቸው ትክክል ናቸው” የሚለው አባባል ለክፍል ውስጥ ሰላም ጥሩ ነው፤ ለእውቀት ግን አይጠቅምም። ጎራዎቹ የተጣሉት ስለ ጣዕም አይደለም። ስለ ሰው ውስጥ ስንናገር ማስረጃ የሚባለው ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። አንዳንዱ በዚህ ጠብ ተሸንፎ ቀርቷል፣ አንዳንዱ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ቆሟል፣ አንዳንዱ ዛሬም በየክሊኒኩ ይሠራል። ስለዚህ የትኛውን ልከተል ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት እያንዳንዱ ስለ አባትሽ ምን ሊል እንደሚችልና የሚለውን በምን እንዳረጋገጠ ብትጠይቂ ይሻልሻል። እኔም እንደዚያው ላድርግ። የተለየ ካልጠቀስኩ ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥነ ልቦና ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆኖ የልደት ቀኑ የሚቆጠረው ከ1879 ነው፤ ዊልሄልም ቩንት በጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ ቤተ ሙከራ የከፈተበት ዓመት። ከእርሱ በፊት ስለ ነፍስና ስለ አእምሮ የሚነጋገሩት ፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት ነበሩ። ቩንት ሰዎችን እያሠለጠነ አንድ ድምፅ ሲሰሙ ወይም ብርሃን ሲያዩ በውስጣቸው የሚሆነውን ነገር በጥንቃቄ እንዲናገሩ ያደርግ ነበር። ተማሪው ቲችነር ይህን አካሄድ ወደ አሜሪካ ወስዶ አጠበቀውና ስትራክቸራሊዝም አለው፤ ዓላማውም የአእምሮን ልምድ ወደ ጥቃቅን ክፍሎቹ መበተን ነበር። ችግሩ ግልጽ ነው። አንዱ ተመልካች “በውስጤ ምስል አየሁ” ሲል ሌላው “እኔ ምንም ምስል አላየሁም” ቢል ዳኛው ማን ነው? ሕፃን፣ እንስሳ፣ በድንጋጤ ቃል ያጣ ሰውስ እንዴት ይጠናል? ቲችነር በ1927 ሲሞት ጎራውም አብሮት ተቀበረ ማለት ይቻላል። ስለ አባትሽ የሚነግርሽ ነገር የለውም። ለፈተና ያዢው፤ ከዚያ ተሰናበቺው።

ዊሊያም ጄምስ ግን አይሰናበቱትም። የሃርቫርዱ ምሁር በ1890 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ያነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አእምሮ ከምን ተሠራ ሳይሆን ምን ይጠቅማል? ፈንክሽናሊዝም የሚሉት ይህን ነው። በዚህ ዓይን ካየነው የአባትሽ ፍርሃት ብልሽት ብቻ አይደለም። ደንገጎን የማይፈራ ሾፌር መኪና ላይ ልቀመጥ ብዬ አልመኝም። ፍርሃቱ የተበላሸው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ አልሄድም በማለቱ ነው፤ ፍሬኑ ተሠርቷል፣ መኪናዋ ቆማለች፣ ሰውነታቸው ግን አሁንም ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጄምስ በ1884 ደግሞ አንድ አስገራሚ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፦ ስለፈራን አንንቀጠቀጥም፣ ሰውነታችን ሲንቀጠቀጥ ነው ፍርሃት የሚሰማን። ብዙ ተከራክረውበታል፤ እንዳለ የሚቀበለው ዛሬ ብዙ አይደለም። ቢሆንም ላቡ ከሐሳቡ ቀድሞ የሚመጣን ሰው “አትፍራ” ብሎ መምከር ለምን ዋጋ እንደሌለው ፍንጭ ይሰጣል።

አሁን ወደ ፍሮይድ፤ ምክንያቱም ለአባትሽ የሰጠሽው ስም የእርሱ ነው። ልጄ፣ ሪፕረሽን ማለት የሚያሳምም ነገር ከንቃተ ሕሊና ውጭ ተገፍቶ ሲቀበርና ሰውየው ራሱ የማያውቀው ሲሆን ነው። አባትሽ ችግራቸው ተቃራኒው ነው፦ መርሳት አቃታቸው። ቀን በፍሬን ሽታ፣ ሌሊት በቅዠት ይመጣባቸዋል። እዚህ ላይ ፍሮይድ ራሱ የተቸገረበት ቦታ አለ። ሕልም የተደበቀ ምኞት መፈጸሚያ ነው ብሎ በ1900 በወጣ መጽሐፉ አስተምሮ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ግን ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች ያንኑ ፍንዳታ፣ ያንኑ ሞት ሌሊት ሌሊት ደጋግመው ያዩ ጀመር። ይህ የማን ምኞት ነው? በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህ ሕልሞች በንድፈ ሐሳቡ እንደማይገቡ አምኖ አዲስ ማብራሪያ ለመፈለግ ተገደደ። ያመጣው ማብራሪያ፣ ወደ ሞት የሚስብ ደመ ነፍስ አለ የሚለው፣ ለእኔ ከችግሩ የባሰ ነው። የፍሮይድ ትልቁ ድክመት ይህ ነው፦ ታማሚው ቢስማማ ትክክል ነበርኩ፣ ባይስማማ ደግሞ እየተከላከለ ነው ይላል፤ የሚያሸንፈው ማስረጃ የለም። የቆመለት ነገርም አለ። ሰው ለራሱም ግልጽ ባልሆነ ምክንያት እንደሚነዳ፣ ተቀምጦ መነጋገርም ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ዓለም ከማንም በላይ የተማረው ከእርሱ ነው። አንቺ ግን በዚህ ጎራ መሣሪያ የገዛ አባትሽን እንዳትመረምሪ፤ አባትሽ ወጥተው መሄዳቸውን ሪፕረሽን ብለሽ ካስመዘገብሽ እርሳቸው ምንም ቢያደርጉ አያመልጡሽም።

ቢሄቪየሪዝም የመጣው እንዲህ ያለውን ሁሉ ለማጥፋት ነው። ጆን ዋትሰን በ1913 የማይታየውን አእምሮ እንተውና የሚታየውን ባህሪ እንለካ ብሎ ተነሳ። መሣሪያውን ያገኘው ከሩሲያዊው ፓቭሎቭ ነበር። ፓቭሎቭ በምግብ መፈጨት ጥናቱ በ1904 የኖቤል ሽልማት የወሰደ የፊዚዮሎጂ ሰው ነው፤ ውሾቹ ምግቡ ሳይመጣ የምግቡን ምልክት ብቻ አይተው ወይም ሰምተው ምራቃቸው ሲፈስ ያጠና ነው። የአባትሽ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ለዓመታት ምንም አልነበረም፤ በአንድ ቀን ከሞት ፍርሃት ጋር ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ሽታው ብቻውን ላቡን ይጠራል።

ስለ ፓቭሎቭ በመማሪያ መጽሐፎች ብዙም የማይነገር አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ የድሬዳዋ ሰው ሊያውቀው ይገባል። በ1924 ሌኒንግራድን ጎርፍ አጥለቀለቃት። ውሃው የውሾቹ ማደሪያ ገብቶ እንስሳቱ ሊሰምጡ ጥቂት ሲቀራቸው ነበር የዳኑት። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ የተማሩት ነገር ሁሉ ተዛባባቸው። ካገገሙ በኋላም በበሩ ሥር ጥቂት ውሃ እንዲገባ ሲደረግ ያ ድንጋጤ ተመለሰ። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ በወጣ ጊዜ የነበሩትን ሰዎች ጠይቂ። እዚህ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከበላይ ተራራው ላይ ሲጠቁር ብቻ እንቅልፍ የሚያጡ አሉ። እብድም ሰነፍም አይደሉም። አባትሽም አይደሉም።

ታዲያ ዕቅድሽ የቱ ጋ ይሳሳታል? ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር በ1920 አልበርት የሚል ስም የሰጡትን አንድ ሕፃን ነጭ አይጥ ባሳዩት ቁጥር ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ አይጥ እንዲፈራ አድርገዋል። ከዚያ ጥንቸልንም ሌላ ፀጉራም ነገርንም ፈራ። ፍርሃቱን ሳያስለቅቁት ልጁ ተወሰደ። ዛሬ ማንም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የማይፈቅደው፣ በእኔ እምነትም ያኔም የሚያሳፍር ሥራ ነው። ተቃራኒውን ያደረገችው ሜሪ ከቨር ጆንስ ናት፤ ሥራዋ በ1924 ታተመ። ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ከሩቅ አሳየችው፤ በሌላ ቀን ትንሽ አቀረበችው፤ በመጨረሻ ልጁ በእጁ ዳሰሰው። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ በ1958 ይህን በዘዴ አደራጅቶ ሕክምና አደረገው። ልዩነቱን አየሽ? ፍርሃትን መጋፈጥ ይሠራል፤ ነገር ግን በፈቃድ፣ በደረጃ፣ ፍርሃቱ እስኪበርድ በቦታው እየቆዩ ነው። አባትሽን በግድ ጭነሽ ደንገጎ መሀል ላይ “አውርዱኝ” ብለው ቢወርዱ ምን ይሆናል? በፍርሃቱ ጫፍ ላይ አምልጠው ትልቅ እፎይታ ያገኛሉ። ይህ እፎይታ ደግሞ ሽልማት ነው፤ መሸሽን ያስተምራል።

ሽልማት ባህሪን እንዴት እንደሚቀርጽ ለማየት ሌላው የቢሄቪየሪዝም ሰው ስኪነር በቤተ ሙከራው በአይጦችና በእርግቦች ብዙ ደክሟል። ሐረር ፈላና በር ላይ ምሽት ጅብ ሲበላ ያየ ሰው ግን የእርሱን መጽሐፍ ሳይከፍት ግማሹን ተረድቶታል፤ ስሙ ተጠርቶ የሚመጣው ጅብ የሚመጣው ትናንት ሥጋ ስላገኘ ነው። አባትሽም እንዲሁ ናቸው፦ “ዛሬ አልወጣም” ባሉ ቁጥር ልባቸው ያርፋል፤ ልባቸው ባረፈ ቁጥር ነገ መውጣቱ ይከብዳል። ስምንት ወር ሙሉ ያጠናከረው ይህ ነው እንጂ የጀግንነት ማነስ አይደለም።

ቢሄቪየሪዝም እዚህ ድረስ አሳማኝ ነው። የወደቀው ከዚህ በላይ ሁሉንም ነገር፣ ቋንቋንም ጭምር፣ በሽልማትና በልምምድ እገልጻለሁ ሲል ነው። የቋንቋ ምሁሩ ኖም ቾምስኪ በ1959 በጻፈው ሒስ ስኪነርን ያጠቃው በዚህ ነበር፦ ሕፃን ልጅ ማንም ተናግሮት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ለዚህ ሽልማቱን ማን ሰጠው? በዚያው ዘመን ኮምፒውተር መጣ፤ የማይታይ ነገርን፣ መረጃ እንዴት እንደሚገባ፣ እንደሚቀመጥና እንደሚወጣ፣ አጥብቆ ማጥናት እንደሚቻል ምሁራኑ ተማሩ። ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገር ነው ብሎ የጻፈው ጽሑፍ ዝነኛ ነው። ኮግኒቲቭ ሥነ ልቦና እንዲህ ቦታውን ያዘ፤ አሁንም አልለቀቀም።

አባትሽን ውሸታም ያልሻቸውን በዚህ ጎራ ፊት አቀርብሻለሁ። የካምብሪጁ ፍሬደሪክ ባርትሌት በ1932 እንዳሳየው ሰው ያለፈን ነገር ሲያስታውስ ከመደርደሪያ ያወጣውን ወረቀት አያነብም፤ በእያንዳንዱ ጊዜ እንደ አዲስ ይገነባዋል፤ የጎደለውን በሚጠብቀውና በሚፈራው ነገር ይሞላል። አባትሽ ሕፃኑን ያዩት በዓይናቸው ይሁን በፍርሃታቸው አሁን እርሳቸውም ላይለዩት ይችላሉ። ይህ ውሸት አይደለም። ስለዚህም ደጋግመሽ “እስቲ እንደገና ንገረኝ” እያልሽ እንደ መርማሪ አትጠይቂያቸው። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ ሁሉንም በዝርዝር ማስተረክ ይጠቅማል ተብሎ ብዙ ተሞክሯል፤ ጥናቶቹ ሲሰበሰቡ ግን ጥቅሙ አልታየም፤ አንዳንዱን እንዲያውም የጎዳ ይመስላል። ሲፈልጉ ይናገሩ፤ ካልፈለጉ ዝም ይበሉ።

“ሰው ልገድል ነበር” ያሏትን ግን ያዢያት። አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የፍሮይድ ተከታይ ነበር። ድብርት ወደ ራስ የዞረ ቁጣ ነው የሚለውን ትምህርት ለማረጋገጥ የታማሚዎቹን ሕልም ሰብስቦ መረመረ። ያገኘው ቁጣ አልነበረም፤ የማጣትና የመሸነፍ ሐሳብ ነበር። በ1960ዎቹ ከዚህ ተነስቶ ሰው ስለ ራሱ የሚደመድማቸውን ሐሳቦች እያወጡ ከማስረጃ ጋር የማመሳከር ሕክምና ሠራ። ቤክን የማከብረው ለዚህ ነው፦ መምህሩን ሊደግፍ ወጥቶ ማስረጃው ሲከዳው ከማስረጃው ጋር ሄደ። እንዲህ የሠለጠነ ባለሙያ አባትሽን ምናልባት ይጠይቃቸዋል፦ ስንት ዓመት ነዱ? ፍሬኑ እንቢ ሲል መኪናዋን ወደ ተራራው ያዞረው የማን እጅ ነው? ወደ ገደሉ ብትዞርስ? መልሱን አንቺ አትስጪ። ልጅ ሲመክረው አባት ይዘጋል፤ በጥያቄ ግን ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ።

ጌስታልት የሚባለው ጎራ የቀረ መስሎሽ እንዳትቀየሚኝ። ቨርትሃይመር በ1912 ተራ በተራ የሚበሩ ሁለት መብራቶች አንድ የሚንቀሳቀስ ብርሃን ሆነው እንደሚታዩን አሳይቶ፣ የምናየው ሙሉው ነገር ከቁርጥራጮቹ ድምር የተለየ ነው ብሏል። ስለ ማየትና ስለ ማስተዋል ያስተማሩት ዛሬም ይሠራል፤ ለቤታችሁ ጉዳይ ግን ብዙ አይጨምርም።

ማስሎና ፒራሚዱ ቀሩ። ማስሎ በ1943 የሰውን ፍላጎቶች በደረጃ አስቀምጦ ሲጽፍ ፒራሚድ አልሣለም፤ ሥዕሉን በኋላ የጨመሩት ሌሎች ናቸው። ደረጃዎቹም ጥብቅ መሰላል አይደሉም፤ ሰው አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይፈልጋል። አባትሽ ደኅንነታቸው ተናግቶም ሚስታቸውን ይወዳሉ፣ ክብራቸውን ይጠብቃሉ፤ በልጃቸው አፍ “ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነህ” መባል የነካባቸው ይህን ክብር ነው። ከዚህ ሂውማኒስቲክ ከሚሉት ጎራ ለአንቺ የሚጠቅምሽ ካርል ሮጀርስ ነው። ሮጀርስ በ1940ዎቹና 50ዎቹ ደጋግሞ የተናገረው፣ የሚረዳው ሰው ሳይፈርድ ከሰማ፣ የታማሚውን ስሜት ከልቡ ለመረዳት ከሞከረና ራሱም ካላስመሰለ ሰው ይለወጣል የሚለውን ነው። እንደ ሳይንስ ጎራው ልል ነው እላለሁ፤ ስለ ሰው ተፈጥሯዊ ደግነት የሚሉትን ብዙውን ነገር ለመለካት ያስቸግራል። ይህች የመስማት ነገር ግን ተለክታ በብዙ ጥናት ቆማለች፤ ሕክምናው የየትኛውም ጎራ ቢሆን በሐኪሙና በታማሚው መካከል ያለው መግባባት ከውጤቱ ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል። ከአንቺ የምፈልገውም ይህን ብቻ ነው። ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጪ። ስለ ኮርስሽ አታውሪ።

በፈተናው ወረቀት ላይ “ሁሉም ትክክል ናቸው” የሚል ምርጫ ቢመጣ እንደተማርሽው መልሺ፤ በእኔ ምክንያት ነጥብ እንዳይቀነስብሽ። በማብራሪያ ጥያቄ ላይ ግን እያንዳንዱ ጎራ የትኛውን ጥያቄ እንዳነሳ፣ ምን እንደለካና ምን እንደጣለው ጻፊ።

አሁን ለሥራው። አባትሽ ያለባቸውን ነገር ስም የምሰጠው እኔ አይደለሁም፣ አንቺም አይደለሽም። ከአደጋ በኋላ ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ ቅዠት፣ ድንጋጤና ሽሽት በሕክምና ስም ያለው መሆኑን ግን እወቂ፤ ፖስት ትራውማቲክ ስትረስ ዲስኦርደር ተብሎ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ የገባው በ1980 ነው፤ ሕክምናም አለው። ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ሂዱና የአእምሮ ጤና አገልግሎት ጠይቁ፤ እዚያ ካልተመቻችሁ ሐረር ትልቅ ሆስፒታል አለ ልልሽ ነበር፣ መንገዱ በደንገጎ ነውና ለጊዜው ተዪው። ጠበል የሚፈልጉ ከሆነ ይጠመቁ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ለባለሙያው እንቅልፋቸውን፣ ቅዠቱን፣ የፍሬን ሽታውን ሁሉ ይንገሩ። ጫቱን በተለይ አትደብቁ፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ነው፤ እስከ ምሽት የተቃመ ጫት ለተረበሸ እንቅልፍ መድኃኒት አይሆንም፤ ይብስበታል እንጂ። በቀን ምን ያህል እንደሚቅሙ፣ መቼ እንደሚጀምሩ በትክክል ይነገር።

ባለሙያው ከተስማማና አባትሽ ከፈቀዱ ደረጃዎቹ ምን ሊመስሉ እንደሚችሉ ገምቺ፦ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ የቆመች መኪና ውስጥ መቀመጥ፣ ሞተሩን ማስነሳት፣ ከዚያ በማለዳ ከዚራ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ መንዳት፣ በሌላ ሳምንት ዳገቱ ሥር ደርሶ መመለስ። ፍጥነቱን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። የሐምሌው ቁልቢ ሩቅ ነው፤ ከደረሱ ይሄዳሉ፣ ካልደረሱ ለታኅሣሥ ይሁን።

የሆስፒታሉን ቀጠሮ ደግሞ ከጠዋት አድርጉት። ከቀትር በኋላ በድሬዳዋ ሙቀትና በበርጫው ሰዓት አባትሽን ከቤት አስወጥቶ ሐኪም ፊት ለማቅረብ ፍሮይድም ፓቭሎቭም አይበቁም።